ሳተላይቱ በየ12 ቀኑ ያልፍ ነበር፦ የብሩማዲኞ ግድብ ጉዳይ

ጥር 17 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2019) ዓርብ ነበር። በብራዚል ሚናስ ጄራይስ ግዛት፣ በብሩማዲኞ ከተማ አቅራቢያ ባለው የኮሬጉ ዶ ፌይዣው የብረት ማዕድን ማውጫ ሠራተኞች ለምሳ ተሰብስበዋል። የመመገቢያ አዳራሹና የአስተዳደር ቢሮው የተሠሩት ሸለቆው ውስጥ ነው። ከበላያቸው፣ በዚያው ሸለቆ ራስጌ፣ ቁጥር 1 ተብሎ የሚጠራው የማዕድን ዝቃጭ ግድብ ቆሟል። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ሲሆን ግድቡ ተደረመሰ።

ግድቡን ፊት ለፊት የሚመለከት ካሜራ ቅጽበቱን ቀርጾታል። መጀመሪያ የሚታየው ሣር የለበሰ፣ እንደ እርከን ደረጃ ደረጃ የተሠራ ጸጥ ያለ ተዳፋት ነው። ከዚያ አናቱ ዝቅ ይላል፤ ከእግሩ ከፍ ብሎ ያለው ክፍል ወደ ፊት ያብጣል፤ ወዲያው መላው ፊቱ ተሰነጣጥቆ እንደ ውሃ ይፈሳል። ተዳፋቱ ለመፍረስ 10 ሰከንድ እንኳ አልፈጀበትም። 5 ደቂቃ ሳይሞላ 9.7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ዝቃጭ ወጣ፤ ይህም በግድቡ ተከማችቶ ከነበረው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ጭቃው የመመገቢያ አዳራሹን፣ ቢሮዎቹን፣ የባቡር ድልድይና ቤቶችን ጠራርጎ እስከ ፓራኦፔባ ወንዝ ወረደ። 270 ሰዎች ሞቱ። የሟቾቹ ቤተሰቦች ግን ቁጥሩን 272 ይሉታል፤ ከሞቱት መካከል ሁለት ነፍሰ ጡር ሴቶች ነበሩና። እኔም የቤተሰቦቹን ቁጥር እቀበላለሁ።

የማስጠንቀቂያ ሳይረኑ አልጮኸም።

ስለ ሳተላይት ክትትል ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ማንም ያላስተዋለው፣ ራቅ ባለ ስፍራ ያለ ተራራ ወይም ግድብ ነው። ብሩማዲኞን የመረጥኩት በተቃራኒው ምክንያት ነው። ይህ ግድብ ያልተለካ ግድብ አልነበረም። በአናቱ ላይ የቅየሳ ምልክቶች ተተክለውበታል፤ በሆዱ ውስጥ የውሃ ግፊት የሚለኩ ፒዞሜትሮችና መዝመምን የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ነበሩበት፤ ከፊት ለፊቱ መሬት ላይ የቆመ ራዳር ይቃኘው ነበር። ከመደርመሱ 7 ቀን በፊት ሰው አልባ አውሮፕላን በላዩ በርሮ ጥራት ያለው ቪዲዮ አንስቷል፤ በቪዲዮው ላይ የሚያሰጋ ነገር አልታየም። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የአውሮፓ ኅብረት ሰንቲነል-1 ሳተላይት በየ12 ቀኑ እያለፈ ግድቡን በራዳር ይመዘግበው ነበር። መረጃው ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያ አይጠየቅበትም።

ታዲያ ምን ጎደለ?

መልሱን ለማግኘት ግድቡ እንዴት እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። የብረት ማዕድን ተፈጭቶና ታጥቦ ብረቱ ሲለይ የሚተርፈው ከውሃ ጋር የተቀላቀለ የላመ አፈር መሰል ነገር ነው። ዝቃጭ የምንለው ይህንን ነው። ዝቃጩ ከአንድ መነሻ ግድብ ኋላ ይጠራቀማል። ሲሞላ ቀጣዩ እርከን የሚሠራው በከፊል ደርቋል ተብሎ በሚታመነው በራሱ በዝቃጩ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ጭማሪ ከቀድሞው ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይቆለላል። ርካሽ ስለሆነ ለብዙ ዘመን ተወዳጅ ነበር። ቤት ሠርቶ ሲያበቃ ሁለተኛውን ፎቅ በጓሮው ረግረግ ላይ እንደማቆም ነው። የብሩማዲኞው ግድብ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን እስከ 2013 በ15 ምዕራፍ ከፍ እያለ 80 ሜትር ገደማ ደረሰ። የቫሌ ኩባንያ ማዕድኑን ከቀድሞ ባለቤቱ የተረከበው በ2001 ነው። በ2016 ዝቃጭ መጣል ቆመ። በወረቀት ላይ ሥራ ያቆመ ግድብ ነበር፤ ሆዱ ግን ውሃ እንደያዘ ነበር።

ቫሌ ራሱ በጠበቆቹ በኩል ያሠማራው የአራት ባለሙያዎች ቡድን በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘገባ የመደርመሱን ምክንያት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ነበር። በአንድ ወቅት ግንባታው ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ በመደረጉ የላይኛው ክፍል ደካማ በሆነው በደቃቁ ዝቃጭ ላይ አረፈ። በውስጡ በቂ የውሃ ማስወገጃ ስላልነበረው ውሃው ከፍ ብሎ ቆየ። ዝቃጩ ብረት የበዛበት፣ ስለዚህም ከባድ ነው፤ ቅንጣቶቹን ያያያዛቸው የብረት ዝገት ደግሞ አካሉን ጠንካራ አስመስሎታል። ጥንካሬው ግን የሸክላ ድስት ጥንካሬ ነው፦ እስኪሰበር ድረስ አይታጠፍም። ዝናቡ በርትቶ ላይኛውን ክፍል ሲያርሰው፣ ለዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ሲላላ የኖረው አካል በአንድ ጊዜ ጉልበቱን አጣና ወደ ፈሳሽነት ተለወጠ።

ሌላም አስተያየት አለ። በ2021 የካታሎኒያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ባቀረቡት ጥናት፣ በዚያች ሰዓት በግድቡ አናት ላይ ይካሄድ የነበረው የጉድጓድ ቁፋሮ መነሻ ሳይሆን እንዳልቀረ አመልክተዋል። የቀደመው ቡድን ይህን መርምሮ አልተቀበለውም ነበር። ክርክሩን ያነሳሁት ስለ ሳተላይት አንድ ነገር ስለሚያስተምረን ነው። ከሰማይ የሚያይ ዓይን መቆፈሪያ መሣሪያ በግድብ ሆድ ውስጥ የሚፈጥረውን ግፊት አያይም። የሚያየው ቆዳውን ብቻ ነው።

የቆዳውን እንቅስቃሴ ማየቱ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሥራው እንዲህ ነው። ሳተላይቱ የራዳር ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፤ ሞገዱ ነጥሮ ሲመለስ ይመዘግበዋል። ከ12 ቀን በኋላ በዚያው መንገድ ሲያልፍ እንደገና ይመዘግባል። ሁለቱ ምዝገባዎች ሲነጻጸሩ መሬቱ በመካከሉ ከተንቀሳቀሰ ሞገዱ በሚመለስበት ቅጽበት ላይ ጥቂት መዛነፍ ይታያል። የሰንቲነል-1 ሞገድ ርዝመት 5.6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ይህ መዛነፍ በቀለማት በሚሣልበት ሥዕል ላይ አንድ ሙሉ የቀለም ዙር ማለት መሬቱ ወደ ሳተላይቱ ወይም ከሳተላይቱ 2.8 ሴንቲ ሜትር ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ብዙ ሥዕሎች ሲደራረቡ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ እንቅስቃሴ እንኳ ይለያል።

የእኛ አገር ምሁራን ከዚህ ዘዴ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። በመስከረም 2005 እ.ኤ.አ. በአፋር ዳባሁ አካባቢ መሬት ሲሰነጠቅ፣ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ ምድር እስከ 8 ሜትር ድረስ እንደተከፈተች የለካው በዚሁ ዘዴ የተሠራ የኤንቪሳት ሳተላይት ሥዕል ነው። ዓለም ስለ አህጉራት መለያየት ከዚያ በረሃ ብዙ ተምሯል።

አፋር ግን ደረቅ፣ ባዶ ድንጋይ ነው፤ ለራዳር ከዚህ የተሻለ ገጽ የለም። የብሩማዲኞ ግድብ ፊት ሣር ነበረበት። ሣር ያድጋል፣ ይታጨዳል፣ ነፋስ ያወዛውዘዋል፣ ዝናብ ያረጥበዋል። በሁለት ምዝገባ መካከል ገጹ ከተለወጠ ንጽጽሩ ይበላሻል። የተለመደው ስሌት እንዲህ ያለውን ነጥብ አይታመንም ብሎ ይጥለዋል፤ ስለዚህ በጣም ሊታይ የሚገባው የተዳፋቱ ክፍል በሥዕሉ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ራዳሩ ወደ ጎን አዘንብሎ ስለሚያይም ወደ ታች መስመጥንና ወደ ፊት መገፋትን በአንድ ምዝገባ ለይቶ አይናገርም። አንድ ግድብ ሰመጠ ወይስ ወደ ፊት ተገፋ የሚለው ደግሞ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ ሁለት ብቁ ቡድኖች የአንድን ግድብ እንቅስቃሴ ከሰማይ ተመልክተው የተለያየ ነገር አነበቡ።

የአራቱ ባለሙያዎች ቡድን ከአደጋው በኋላ ባስተነተነው የሳተላይት መረጃ፣ በመጨረሻው ዓመት የግድቡ ፊት በዝግታና ያለማቋረጥ፣ በዓመት ከ36 ሚሊ ሜትር በታች እንደሰመጠ፣ በታችኛው ክፍል ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሜትር የሚደርስ የአግድም እንቅስቃሴ እንደነበረ፣ በዝናቡ ወራትም ፍጥነቱ በመጠኑ እንደጨመረ አገኘ። ድምዳሜው ይህ አሮጌ ግድብ ቀስ በቀስ ሲረጋ የሚያሳየው ነው፤ ብቻውን የመደርመስ ምልክት ሊባል አይችልም የሚል ነበር።

በጃንዋሪ 2021 የታተመው፣ በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራው ጥናት ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። በአንዱ ምዝገባ ታምነው በሌላው የሚጠፉትን ነጥቦች ሙሉ በሙሉ ከመጣል ይልቅ፣ ታማኝ የሆኑበትን ጊዜ ብቻ እየለቀመ የሚጠቀም ስሌት ተጠቀሙ። ሣር የሸፈነው ፊትም መናገር ጀመረ። ተመራማሪዎቹ የግድቡ ግድግዳና የዝቃጩ አንዳንድ ክፍሎች ከተፈጥሯዊ መርጋት ጋር የማይስማማ እንቅስቃሴ እንዳሳዩ፣ የመደርመሱም ጊዜ አስቀድሞ ሊገመት ይችል እንደነበር ደመደሙ።

ግምቱ የሚሠራበት ዘዴ ለማንም የሚገባ ነው። ሊወድቅ ያለ ተዳፋት እየፈጠነ ይሄዳል። ፍጥነቱን ገልብጠን፣ ማለትም 1ን ለፍጥነቱ አካፍለን፣ በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ብናስቀምጠው ነጥቦቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። በማስመሪያ መስመሩን ወደ ፊት ስናስቀጥለው ዜሮን የሚነካበት ቀን የመውደቂያው ቀን ነው። አንድ ተማሪ በእርሳስ ሊሠራው ይችላል።

እንግዲህ ማን ልክ ነው? አደጋው ካለፈ በኋላ የሚሠራ ትንበያ ቀኑን አውቆ የሚነሳ መሆኑን መርሳት የለብንም። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ የሚፈጥንና በጋ ሲመጣ የሚያዘግም ግድብ ብዙ ነው፤ በእያንዳንዱ ዝናብ ሰው ይውጣ ከተባለ በሦስተኛው ዓመት የሚሰማ አይኖርም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ቢሆንም "ብቻውን ምልክት አይደለም" የሚለው አነጋገር አያሳርፈኝም። የሳተላይቱ መረጃ ብቻውን አልነበረምና። በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ለግድቡ የመረጋጋት ማረጋገጫ የሰጠው የጀርመኑ ቱፍ ዙድ ኩባንያ ባካሄደው ስሌት የተገኘው የደህንነት መጠን፣ ማለትም የግድቡ ጥንካሬ ሊያፈርሰው ለሚገፋው ኃይል ሲካፈል፣ 1.09 ነበር፤ በሙያው ይጠበቅ የነበረው 1.3 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በሰኔ ወር በግድቡ ውስጥ ውሃ ለማስወጣት የአግድም ጉድጓድ ሲቆፈር ችግር አጋጥሞ ሥራው ተቋርጧል። ዝቃጩ ሳይታጠፍ የሚሰበር መሆኑን ስናስብ ደግሞ፣ ለስላሳ የሸክላ አፈር ላይ ምንም የማይባል 30 ሚሊ ሜትር እዚህ ላይ በዚያው ሚዛን ሊመዘን አይገባውም ነበር። ደኅንነቱ እንዲህ ጠባብ የሆነ፣ ውሃው ያልወጣለት፣ ተሰባሪ ግድብ በዝናብ ወቅት እንቅስቃሴው ሲፈጥን፣ እነዚህን ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ የሚያነብ አንድ ኃላፊ ቢኖር ኖሮ ሌላ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ፒዞሜትሩን የሚያነብ፣ ራዳሩን የሚያነብ፣ የምስክር ወረቀቱን የሚፈርም ሰው ነበረ። የሳተላይቱ ሥዕል ላይ የተጻፈው ነገር በዚህ መልክ የተነበበው ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ ነው።

ይህን ሳነብ አእምሮዬ ወደ ቆሼ ይሄዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የብረት ዝቃጭና የከተማ ቆሻሻ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በየቀኑ አዲስ ጭነት የሚደፋበት፣ ውስጡ የሚበሰብስ ክምር በሳተላይት ለማንበብ ከግድብም ይከብዳል፤ ገጹ ስለሚለዋወጥ ንጽጽሩ ይጠፋል። ግን የሰዎቹ አኗኗር አንድ ነው። እዚያም እዚህም ሌሎች የጣሉት ነገር ከላይ ተቆልሏል፤ ከሥሩ ምሳ የሚበላ፣ የሚተኛ ሰው አለ። ለዚህ ደግሞ ሳተላይት አያስፈልግም፤ ቆሞ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል።

የመመገቢያ አዳራሹን ነገር ደጋግሜ የማነሳው ለዚህ ነው። የክትትል ሥራ ሁሉ ግቡ ሰውን ከአደጋው መንገድ ማውጣት ነው። ጭቃው በደቂቃዎች ውስጥ ለሚደርስበት ሰው ሳይረን ቢጮህም ምን ያህል ሊጠቅመው ይችላል? ብራዚል ይህን በውድ ዋጋ ተምራለች። ከብሩማዲኞ ሦስት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2015፣ በዚያው ግዛት በማሪያና ተመሳሳይ ግድብ ተደርምሶ 19 ሰዎች ሞተው ነበር። ትምህርቱ ሥራ ላይ የዋለው ግን ከብሩማዲኞ በኋላ ነው። በፌብሩዋሪ 2019 በዝቃጭ ላይ እየተቆለሉ የሚሠሩ ግድቦች ታገዱ፤ ነባሮቹም እንዲፈርሱ ታዘዘ። ኩባንያዎች ነፍስ አድን ሠራተኛ ሊደርስለት በማይችለው ቀጠና ውስጥ ቢሮና የመመገቢያ አዳራሽ እንዳይኖራቸው ተከለከለ። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ይህን አጠነከረው። በ2021 ቫሌ ከግዛቱ መንግሥትና ከዓቃቤ ሕግ ጋር 37.7 ቢሊዮን የብራዚል ሪያል የሚያወጣ የካሣ ስምምነት ፈረመ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደግሞ አስከሬን ፍለጋውን ለዓመታት ቀጠሉ፤ ጭቃውን ሜትር በሜትር እያገላበጡ።

ማስጠንቀቂያ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ከብሩማዲኞ ብዙም ሳይርቁ ባራው ዴ ኮካይስ የምትባለውን ከተማ ማየት ይበቃል። በአቅራቢያዋ ያለው የጎንጎ ሶኮ ማዕድንም የቫሌ ነው፤ ሱል ሱፔሪዮር የተባለ ተመሳሳይ ግድብ አለው። ከብሩማዲኞ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 8 ሌሊት፣ ሳይረን ጮኾ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። ግድቡ ግን አልፈረሰም። በሜይ ወር የማዕድን ጉድጓዱ ግድግዳ በቀን በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር እንቅስቃሴ ማሳየት ጀመረ፤ ግድግዳው ቢወድቅ መንቀጥቀጡ ግድቡን ያፈርሰው ይሆናል ተብሎ ተሰጋ። ከወሩ 19 እስከ 25 ባለው ጊዜ ይወድቃል ተብሎ ተተነበየ። 25 አለፈ፤ ግድግዳው ቆሞ ዋለ። በወሩ 31ኛ ቀን ከፊሉ ተንሸራትቶ ከጉድጓዱ ወለል ላይ አረፈ፤ ግድቡም ከነዝቃጩ ቆሞ ቀረ።

ትንበያው በቀናት ተሳስቷል፤ የተፈራውም አልደረሰም። ሰዎቹ ቤታቸውን፣ ከብታቸውንና ሰፈራቸውን ትተው ወጥተዋል፤ ምሬታቸውም እውነተኛ ነው። የጉድጓዱ ግድግዳ ሲንሸራተት ግን በግድቡ ሥር ባሉት መንደሮች ውስጥ ማንም አልነበረም።